ከቆጣሪው በፊት ትራንስፎርመሩ

ወላይታ ሶዶ አጠገብ፣ ከጊቤ ሦስትና ከሌሎች ማመንጫዎች የተሰበሰበ ኃይል ወደ ኬንያ የሚሻገርበት የኮንቨርተር ጣቢያ አለ። ጣቢያው ከአገር ውስጥ መስመር የተቀበለውን ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን በሴኮንድ 50 ዑደት እያቀያየረ የሚፈሰውን ኮረንቲ፣ ወደ 500 ኪሎ ቮልት ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኮረንቲ፣ ይለውጥና 1,045 ኪሎ ሜትር ርቆ ናይሮቢ አካባቢ ሱስዋ ላይ ለተተከለው አቻው ይልካል። መስመሩ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ይሸከማል። በሁለቱ ጫፍ ያሉት መቆጣጠሪያዎች ቮልቴጁን፣ የኮረንቲውን መጠንና የሚሻገረውን ኃይል ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ከሚገልጥበት ባነሰ ጊዜ ይለካሉ፣ ያስተካክላሉ፤ አደጋ ካዩም ራሳቸው ይቆርጣሉ። ስለ «ስማርት ግሪድ»፣ ራሱን እየለካ ስለሚያስተካክል ኔትወርክ፣ በየስብሰባው የሚነገረውን ሁሉ በተግባር ማየት የፈለገ ሰው ውጭ አገር መሄድ አያስፈልገውም፤ ሶዶ ይበቃዋል።

ከሶዶ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ፣ ብላቴ ወንዝ ሳይደረስ፣ የዱጉና ፋንጎ ወረዳ ዋና ከተማ ዲምቱ አለች። ዲምቱን በመሰሉ ከተሞች መብራት ሲሄድ ነገሩ ሌላ ነው። አገልግሎት ሰጪው ድርጅት መቋረጡን የሚያውቀው አንድ ሰው 905 ሲደውልለት ወይም በእግሩ ቢሮ ድረስ ሲመጣለት ነው። ከዚያ ቴክኒሻን ይላካል፤ መኪና ካለ በመኪና፣ ከሌለ በሞተር። መስመሩን ተከትሎ እያየ ይሄዳል። የወደቀ ዛፍ ነው? የተቃጠለ ፊውዝ ነው? ኃይሉን ከሚያመጡት ሦስት ገመዶች፣ ማለትም ፌዞች፣ አንዱ ብቻ ነው የጎደለው ወይስ ሦስቱም? ብልሽቱ እስኪገኝ የሚያልፈው ሰዓት ብዙ ጊዜ ለመጠገን ከሚያስፈልገው ይበልጣል።

ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ዞን፣ በአንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው። የአገሪቱን የኃይል ዘርፍ የወደፊት ዕጣ የሚያጠኑና የሚነድፉ ባለሙያዎች ፊት ያለው ትልቁ ጥያቄም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ዕውቀቱና መሣሪያው ከላይ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ፣ ደርሷል። ወደ ታች ሲወርድ የመጀመሪያ ማረፊያው የት ይሁን? የተለመደው መልስ «እያንዳንዱ ቤት ስማርት ቆጣሪ ይግባለት» የሚል ነው። እኔ ቅድሚያ የሚገባው ለሰፈር ትራንስፎርመሩና ከማከፋፈያ ጣቢያ ለሚነሳው ወጪ መስመር ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴን ከማቅረቤ በፊት ግን በደቡብ ብዙ የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ፤ ግማሹ ትክክል ስለሆነ ልመልሰው።

ቅሬታው «መስመሩ በላያችን ያልፋል፣ እኛ ግን ጨለማ ውስጥ ነን» ይላል። ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር ዲሲ ስለሆነ በመንገዱ ላይ ከሚገኝ መንደር አጠገብ ትራንስፎርመር ሰቅሎ ከእሱ መቅዳት አይቻልም። ትራንስፎርመር የሚሠራው በኤሲ ብቻ ነው። ከዲሲ መስመር ኃይል ለማውረድ ሶዶ ላይ ያለውን የመሰለ ሌላ የኮንቨርተር ጣቢያ መገንባት ያስፈልጋል፤ ይህን ለአንድ ወረዳ የሚያደርግ አገር የለም። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ የሚቀርበው ወቀሳ አድራሻውን ስቷል። በሌላ በኩል ከጊቤ ሦስት ተነስቶ በሶዶ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር ኤሲ ነው። ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች፣ በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት ይዞ ነበር። ግድቡ ያረፈው ወላይታንና ዳውሮን በሚያዋስነው ኦሞ ወንዝ ላይ ነው። ወላይታ የብሔራዊው ኔትወርክ ጉሮሮ ናት ማለት ነው። ከዚህ ጉሮሮ ወደ ዲምቱ ለማውረድ ግን ቮልቴጁን ደረጃ በደረጃ የሚቀንሱ ማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ ከዚያ የ33 ወይም የ15 ኪሎ ቮልት ረዣዥም መስመሮች፣ ከዚያ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ከዚያ ምሰሶና ሽቦ ያስፈልጋል። ቅሬታው ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የተረሳው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው።

ለምን ተረሳ? በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፈለ። ማመንጨትና በከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ተሰጠ፤ ማከፋፈልና መሸጥ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ሁለቱንም «መብራት ኃይል» ብሎ ይጠራል፤ ሲከፋው የሚረግመው ግን ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው፤ ደጁ ላይ የሚያገኘው እሱን ነውና። አበዳሪዎች ደግሞ የሚወዱት ትልቅ፣ አንድ ቦታ የተቀመጠ፣ ተጀምሮ የሚያልቅና የሚመረቅ ሥራ ነው። የኢትዮጵያና የኬንያ መስመር ብቻውን ወደ 1.26 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 684 ሚሊዮኑን የዓለም ባንክ፣ 338 ሚሊዮኑን የአፍሪካ ልማት ባንክ ሰጥተዋል። ለሺህ ትናንሽ ትራንስፎርመሮች መለኪያ ለመግጠም የሚቆረጥ ሪባን የለም።

ከላይ ያለው፣ የከፍተኛ ቮልቴጁ ክፍል፣ ብልህ መሆኑ ለጌጥ አይደለም። ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ኬንያ ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ካለው የነፋስ ማመንጫ 288 ሜጋ ዋት ይዞ ወደ ሱስዋ የሚመጣው መስመር ተቆረጠ፤ ተከትሎም 200 ሜጋ ዋት ይዞ ከኢትዮጵያ የሚገባው የዲሲ መስመር ተቆረጠ። የኬንያ የኢነርጂ ሚኒስትር በዕለቱ እንደገለጹት በድምሩ 488 ሜጋ ዋት በአንዴ ጠፋ፤ የአገሪቱ ሰፊ ክፍልም ጨለመ። ይህን ከሶዶ በኩል ሆኖ ለሚያየው ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ተርባይኖቹ የሚያመነጩት 200 ሜጋ ዋት በቅጽበት ገዢ አጣ ማለት ነው። የሚወስደው ያጣ ኃይል የኔትወርኩን ፍሪኩዌንሲ ሽቅብ ስለሚገፋው የተርባይኖቹ ተቆጣጣሪ ውኃውን ወዲያው መቀነስ አለበት። ይህን በስልክ ተነጋግሮ ማድረግ አይቻልም። በሁለቱ አገሮች መካከል ዲሲ የመኖሩ አንዱ ጥቅምም ይኸው ነው፤ ሁለቱ ኔትወርኮች ኃይል እየተሻሻጡ ፍሪኩዌንሲያቸው ግን አልተቆራኘም፤ የአንዱ መናወጥ እንዳለ ወደ ሌላው አይዘምትም።

ትልልቅ ኔትወርኮችን የሚጥላቸው ብዙ ጊዜ የኃይል እጥረት አይደለም፤ አለማየት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ጨለማ ውስጥ የገባው ኦሃዮ የሚገኝ የአንድ ኩባንያ መቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌሩ ዝም ስላለበት ነው። መስመሮች ከዛፍ ጋር እየተነካኩ ተራ በተራ ሲወድቁ፣ ኦፕሬተሮቹ ስክሪኑ ላይ ምንም ስላላዩ ሁሉም ደህና መስሏቸው ነበር። ዲምቱ ላይ ማስጠንቀቂያው ዝም የሚለው ተበላሽቶ አይደለም፤ ከነጭራሹ ስላልተገጠመ ነው።

አሁን ወደ ትራንስፎርመሩ። በአንድ ሰፈር የተሰቀለ የ200 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋል 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። 57 ምጣድ ባንድ ጊዜ ከተጣደ ትራንስፎርመሩ ሞላ፤ አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተርና የብየዳ ቤቱ ማሽን ሳይቆጠሩ። ሸክሙ በሦስቱ ፌዞች ላይ እኩል ከተከፋፈለ ነው ይህም። በተግባር ግን አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሠራተኛው ለመሰላሉ የቀረበው ፌዝ ላይ ይቀጥለዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዱ ፌዝ ይቃጠላል፣ ሌላው ግማሹ ባዶ ይሆናል። በመስመሩ መጨረሻ ያለ ቤት 220 ቮልት መድረስ ሲገባው አምፖሉ ቀልቶ ይቀራል። ይህን የሚያውቁ እናቶች ሌሊት ተነስተው ይጋግራሉ። ስማርት ግሪድ በባለሙያ ቋንቋ «ፍላጎትን ወደ ቀላል ሰዓት ማዛወር» የሚለውን ነገር ያለ አንዳች ሶፍትዌር እየሠሩት ነው፤ ዋጋው እንቅልፍ ነው እንጂ።

ሌላም ዋጋ አለ። በየቤቱ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ አጠገብ የተቀመጠችው ስታቢላይዘር የማከፋፈያው ጉድለት ወደ ደንበኛው ኪስ የተላለፈባት ማስረጃ ናት። ድርጅቱ ያላረመውን ቮልቴጅ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየራሱ ገዝቶ ያርመዋል። አገር አቀፍ ወጪው ቢደመር ስንት እንደሚሆን ያሰላ ያለ አይመስለኝም፤ ሊሰላ ግን ይገባዋል።

ለዚህ ሁሉ የትራንስፎርመር ላይ መለኪያ ምን ያደርጋል? በዝቅተኛው ቮልቴጅ በኩል የምትገጠም አንዲት መለኪያ በሦስቱ ፌዝ የሚያልፈውን ኮረንቲ፣ ቮልቴጁንና የትራንስፎርመሩን ሙቀት ለክታ በሞባይል ኔትወርክ ትልካለች። አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ደዋይ አይጠበቅም። ሸክሙ መብዛቱ ትራንስፎርመሩ ከመቃጠሉ በፊት ይታያል፤ የትኛው ደንበኛ ወደየትኛው ፌዝ ቢዛወር ሚዛኑ እንደሚመለስ ይታወቃል፤ ይህ ደግሞ አዲስ ዕቃ አይጠይቅም፤ መሰላልና አንድ ቀን ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ከትራንስፎርመሩ የወጣው ኪሎ ዋት ሰዓት ከእሱ ሥር ካሉ ቆጣሪዎች ድምር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ሌብነትን፣ የተበላሸ ቆጣሪንና የሽቦ ብክነትን ያሳያል። ከሚመነጨው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉ ገንዘብ ሳይሆን በመንገድ በሚቀርባት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያውም ለመቶ ቤት መቶ ቆጣሪ ከመቀየር በፊት፣ በአንድ መለኪያ።

ለቆጣሪው የሚሟገቱ ባለሙያዎች ክርክር ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚኖረው ከሚሰበስበው ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ የሚለካውም ቆጣሪ ላይ ነው። ጣሊያን ውስጥ ኤኔል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 30 ሚሊዮን ያህል ስማርት ቆጣሪ የገጠመው በዋናነት ሰው ልኮ ማንበብን፣ ማጭበርበርንና በእጅ መቁረጥና መቀጠልን ለማስቀረት ነበር፤ ተሳክቶለታልም። ሕንድ አሁን 250 ሚሊዮን የቅድመ ክፍያ ስማርት ቆጣሪ ለመግጠም ግብ ይዛ እየሠራች ነው። እኛም አገር የካርድ ቆጣሪ ከመጣ ቆይቷል፤ በስልክ መክፈልም እየተለመደ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ እንዲሄድ ስለተወሰነ ድርጅቱ እያንዳንዷን ኪሎ ዋት ሰዓት መቁጠር የሚፈልግበት ምክንያት የበለጠ ጠንክሯል።

ችግሩ ግን ጣሊያን ቆጣሪውን ስትቀይር ከቆጣሪው ጀርባ ያለው መስመር ጤነኛ መሆኑ ነው። ቮልቴጁ የሚወርድበት፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚቋረጥበት ቤት ላይ የሚሰቀል ስማርት ቆጣሪ ለደንበኛው የሚያሳየው አዲስ ነገር የሂሳቡ መጨመር ብቻ ይሆናል። ዋጋ ጨምሮ አገልግሎቱ ካልተሻሻለ ሰው ስማርት የሚለውን ቃል ከዋጋ ጭማሪ ጋር አያይዞ ይጠላዋል፤ አንዴ ከተጠላ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው መልካም ነገርም በዚያው ዐይን ይታያል። ቆጣሪው ይቅር አላልኩም። ሁለተኛ ይሁን ነው የምለው።

ሌላ ቅድሚያ የሚገባው ረዣዥሙ የገጠር መስመር ነው። ከአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚነሳ የ33 ኪሎ ቮልት ወጪ መስመር ብዙ ቀበሌና ከተማ ያዳርሳል። መጨረሻው ላይ አንድ ቅርንጫፍ ቢነካው ጣቢያው ላይ ያለው ብሬከር ይወርዳል፤ ጥፋት የሌለባቸው ከተሞች ሁሉ አብረው ይጨልማሉ። መስመሩ መሀል ላይ የሚሰቀል፣ ብልሽቱ ከእሱ ወዲያ ከሆነ ያንን ወገን ብቻ ቆርጦ ወዲህ ያለውን የሚያቆይ፣ ጊዜያዊ ንክኪ ከሆነም ራሱ መልሶ የሚያገናኝ መቁረጫ ለአሥርት ዓመታት የታወቀ ቴክኖሎጂ ነው። ብልሽት ያለፈበትን ቦታ በመብራት የሚያመለክቱ ትናንሽ ጠቋሚዎች ደግሞ ከዚህም ይረክሳሉ። ቴክኒሻኑ 40 ኪሎ ሜትር መስመር ከመፈተሽ አምስቱን ይፈትሻል። በዚህ ውስጥ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚባል ነገር የለም፤ ለኮንፈረንስ አቀራረብ አይመችም፤ ዲምቱ ላይ ግን በዓመት ውስጥ ልዩነቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የሆነውን ያስታወሰ ሰው ይህ ዓይነት ዝርዝር ለምን እንደሚጠቅም ይገባዋል። የጊቤ ሦስት ሐይቅ ውኃ ቀንሶ 476 ሜጋ ዋት ጉድለት ተፈጠረ፤ በወቅቱ የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ኢንጂነር ስለሺ በቀለ አገር አቀፍ ፈረቃ አወጁ፤ ወደ ጎረቤት አገሮች የሚሸጠውም እንዲቆም ተደረገ። ፈረቃው የተሠራው በወጪ መስመር ነበር። አንዱ መስመር ሲቆረጥ በላዩ ያለው ጤና ጣቢያ፣ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ፓምፕና ጭፈራ ቤት እኩል ይጠፋሉ። መስመሩን በየክፍሉ መቁረጥ የሚቻል ቢሆን ኖሮ ጤና ጣቢያው ያለበትን ክፍል አቆይቶ ሌላውን ማጥፋት ይቻል ነበር። ዛሬ ሕዳሴ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋ ዋት ተመርቆ፣ ከእሱ በፊት የነበረውን የአገሪቱን የማመንጨት አቅም ከእጥፍ በላይ ስላደረሰው ያ ዓይነት ፈረቃ የሚመለስ አይመስልም። ሆኖም አገሪቱ አሁንም አብዛኛውን ኃይሏን የምታገኘው ከውኃ ነው፤ ዝናብ ደግሞ ውል አይፈርምም። ወላይታና አካባቢው ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ነገር ከመሬቱ በታች አለው፤ ዱጉና ፋንጎም ሆነ አባያ በስምጥ ሸለቆው የእንፋሎት ኃይል እምቅ ሀብት ካላቸው ቦታዎች መካከል ናቸው፤ እንፋሎት በጋና ክረምት አይለይም። የቁፋሮው ወጪና አደጋ ግን ሌላ ትንታኔ የሚፈልግ ነው።

ባለሙያዎቹስ? በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ከሚሠሩ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚጽፉት በአንድ ከተማ የማከፋፈያ መስመር አስተማማኝነት ላይ ነው። በዓመት ስንት ጊዜ ተቋረጠ፣ ለስንት ሰዓት፣ ምክንያቱ ምንድን ነው፣ ሁለት መቁረጫ እዚህና እዚያ ቢገባ ስንት ሰዓት ይቀንሳል። መረጃቸውን የሚያገኙት የማከፋፈያ ጣቢያው ተረኛ በእጁ ከሚሞላው መዝገብ ነው። ጽሑፉ ይመረቅበታል፤ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ መቁረጫው አይገባም። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሚያስተምረው ከኮንቨርተር ጣቢያው በታክሲ በሚደረስበት ከተማ ነው፤ ሶዶ ደግሞ አሁን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ናት። ጥናቱን፣ የአገልግሎቱን ዲስትሪክትና ገንዘቡን አንድ ጠረጴዛ ላይ ለማምጣት ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለባለሙያዎቹም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ዩክሬን ውስጥ የሳይበር አጥቂዎች ወደ ሦስት የማከፋፈያ ኩባንያዎች መቆጣጠሪያ ገብተው ብሬከሮቹን ከርቀት ከፈቱ፤ 225 ሺህ ያህል ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገቡ። በሰዓታት ውስጥ መብራቱ የተመለሰው ሠራተኞቹ በየጣቢያው ሄደው ብሬከሮቹን በእጃቸው ስለዘጉ ነው። እጅ የሚያውቀውን ሥራ ሙሉ በሙሉ ለስክሪን አሳልፎ የሰጠ ኔትወርክ እንዲህ ያለ ቀን የሚደርስለት አይኖረውም። በመሆኑም የርቀት መቆጣጠሪያ ሲገባ የቴክኒሻን ቁጥር ይቀነሳል የሚለው ሒሳብ ለእኛ አይሠራም። ሌላም አለ፦ መለኪያዎቹ የሚናገሩበት የሞባይል ምሰሶ ራሱ መብራት ሲሄድ ባትሪው እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚቆየው። መለኪያው «መብራት ጠፋ» የሚለውን መልእክት ለመላክ ያለው ጊዜ ያችው ናት። ስለዚህ መሣሪያው ሲገዛ ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻ መልእክት የሚልክበት ትንሽ የኃይል ማጠራቀሚያ እንዲኖረው በጨረታ ሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት። ብዙ ስማርት ፕሮጀክት የሚከሽፈው እንዲህ ያለች አንድ መስመር ሰነዱ ላይ ሳትጻፍ ቀርታ ነው።

ከኬንያ ጋር የተፈረመው የ25 ዓመት ውል ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት ይላል። የሽያጩ ገቢ የሚመጣው በዶላር ነው፤ መለኪያውም፣ መቁረጫውም፣ ጠቋሚውም የሚገዛው በዶላር ነው። ገቢው የሚገባው ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ግዢው የሚያስፈልገው ለኤሌክትሪክ አገልግሎት መሆኑ ግን በ2006 ዓ.ም. የቆመ ግድግዳ ነው። ሁለቱም ድርጅቶች የመንግሥት ናቸው፤ ከኤክስፖርቱ ገቢ የተወሰነ ድርሻ በቀጥታ ለማከፋፈያ መስመር መለኪያዎች እንዲውል መወሰን ሕግ ማሻሻል እንኳ የሚጠይቅ አይመስለኝም። መጀመሪያ የሚሞከርበት ቦታ ከተፈለገም ከሶዶ የሚነሳ አንድ ወጪ መስመር ተመርጦ፣ በላዩ ያሉት ትራንስፎርመሮች በሙሉ መለኪያ ተገጥሞላቸው፣ የአንድ ዓመት የመቋረጥ ሰዓት ከተረኛው የእጅ መዝገብ ጋር ተነጻጽሮ ይታይ። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ የዓለም ባንክን የሚያሳምን ቁጥር ይገኛል፤ መጥፎ ከሆነ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ቆጣሪ ከመግዛት በፊት ታወቀ።